ለጠጅ ሳር ሄጄ እንጉርጉሮ ይዤ ተመለስኩ፦ የሴንት ፖሉ የሞንግ ገበያ

ባለፈው ወር ለማኅበር የወሰድኩት ዳጣ እስከ ዛሬ ስልኬን እያስጮኸው ነው። "ያን ቃሪያ ከየት አገኘሽው?" ያላለኝ የለም። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ። ቃሪያውም፣ ጠጅ ሳሩም፣ ዝንጅብሉም የመጣው ሴንት ፖል፣ ኮሞ ጎዳና ላይ ካለው ሞንግታውን ማርኬትፕሌስ ነው። እኛ ሚኒሶታ ያለን ሐበሾች በአጠገቡ እናልፋለን እንጂ ብዙዎቻችን አንገባም። እኔም ለዓመታት አልፌዋለሁ።

የቃሪያው ነገር ይኸው ነው። ግን ወደዚያ የወሰዱኝን ሰው ሳላነሣ ስለ ገበያው መጻፍ አይሆንልኝም። ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ግቢው ድሮ የእንጨት መሸጫ ነበር። ገበያ የሆነው በ2004 ነው። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል። በሩን ሲከፍቱ ግን አየሩ ይለወጣል። ጠጅ ሳር፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ አዲስ ጨርቅ በአንድ ላይ ይሸትታል። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ ትንንሽ ሱቆች ናቸው። አንዱ ጋ ድስት፣ አንዱ ጋ የብር ሐብል፣ ቀጥሎ ሲዲ፣ ቀጥሎ የሕፃን ልብስ። አሮጊቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቅጠል ይለቅማሉ። መርካቶ ያደገ ሰው እግሩ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። በሰመር ደግሞ ውጭው ሁሉ አትክልት ይሆናል።

"ሞንግ" ማለት ሕዝቡ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊቱ ላይ አንዲት "ኤች" አለችበት፤ በአፍንጫ የምትወጣ ትንፋሽ ናት። "ሞንግ" ብትሉ ይገባቸዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ከ90 ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ የላኦስ ተራራ ሰዎችና የእነሱ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው፤ ሌሊት፣ ላውንደሪ ክፍል። ጋሼ እዚያው አብረውኝ ይሠራሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። እሳቸው ደግሞ "ሙአ" ይሉኛል። በቋንቋቸው ወንድ እህቱን የሚጠራበት ቃል ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጋሪ እየገፋሁ ወደ ማድረቂያው ክፍል ስቃረብ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ረዥም ድምፅ ነው። ከፍ ይልና ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ድንገት እንደ ድንጋይ ይወድቃል። አያቴ ሙሾ ሲያወርዱ የሰማሁትን አስታወሰኝ። መርዶ ደረሳቸው ብዬ ጋሪውን ጥዬ ገባሁ። ጋሼ አንሶላ እያጠፉ ነው። ፊታቸው ደረቅ ነው።

"ሰው ሞተ?" አልኳቸው።

"አይ። እያንጎራጎርኩ ነው። ለወንድሜ ነው፤ ሩቅ አገር ነው ያለው" አሉኝ። አንሶላውን አጥፈው ሌላ አነሡ።

ገበያውን ያወቅሁት በዚያ ሰበብ ነው። ምን እንደሚያንጎራጉሩ እየደጋገምኩ ስጠይቃቸው፣ "እዚህ አይሆንም፣ ቅዳሜ ነይ፣ እየበላን እነግርሻለሁ" አሉኝ።

ስለዚህ በምግቡ ልጀምር። የሚበላው ክፍል ውስጥ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። ገዝታችሁ የጋራው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ። ጋሼ ቀጥ ብለው የሄዱት ፓፓያ ወደምትወቅጠዋ ሴት ነው። ፓፓያው ያልበሰለ፣ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ካሮት በቀጭኑ ይፈቀፈቃል። ሴትየዋ ሙቀጫ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትወቅጣለች። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ የዓሣ ሶስ፣ ትንሽ ስኳር ትጨምራለች። ከዚያ ፓፓያው ይገባል። በአንድ እጇ ትወቅጣለች፣ በሌላው በማንኪያ ትገለብጣለች። ስንት ቃሪያ እንደምትፈልጉ ቀድማ ትጠይቃችኋለች። እኔ "አራት" አልኩ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ከሙቀጫው በማንኪያ አውጥታ አቀመሰችኝ፤ ይጎድለዋል ካልኩ ልትጨምር ነው። ምንም አልጎደለውም። ኮምጣጣው፣ ጨዋማው፣ የሚያቃጥለው በየተራ ይመጣል። ላብ ያጠምቃል፤ ግን እጅ አይሰበሰብም።

አብሮት የሚበላው ሐምራዊ ሩዝ ነው። ሙጭጭ ይላል። በእጅ ቆርሶ፣ ድቡልቡል አድርጎ፣ አጥቅሶ መጉረስ ነው። እጃችንን ታጥበን ስንጎርስ ከጎናችን የነበሩት አዛውንት በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ለወገን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዓይን የሚስበው ረዥሙ ቋሊማ የአሳማ ሥጋ ነው። ሌላውም ብዙው ውስጥ አሳማ አለ፤ ስለዚህ ጠይቁ፣ አይቆጡም። የዓሣ ሶሱ ደግሞ ፓፓያው ውስጥ አይቀርም። በጾም ወቅት ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ሩዙንና ፍራፍሬውን ብሉ፤ የኮኮናት ወተት ያለበት ባለ ብዙ ቀለም ቀዝቃዛ መጠጥም አለ። እኔ የምወደው አንድ ነገር ግን እዚያ የሚበላ አይደለም። የመድኃኒት ቅጠል የሚሸጡት እናቶች ለአራስ የሚሆን ቅጠል አሥረው ይሸጣሉ። የሞንግ አራስ ለ30 ቀን በዚያ ቅጠል የተቀቀለ ዶሮ ነው የምትበላው። እኔ ቅጠሉን ገዝቼ በራሳችን ዶሮ ለእህቴ ልጅ ሠራሁላት። ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጥታ "ጨምሪልኝ" አለች።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቅዳሜ ከሆነ በጠዋት ሂዱ።

እንግዲህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ጋሼ ያስረዱኝ። የሚያንጎራጉሩት ግጥም "ክው ትሲያ" ይባላል። ዘፈን ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። ግጥሙን ሰውየው በዚያው ሰዓት ይፈጥረዋል። የፍቅር አለ፣ የሙት ልጅ አለ፣ ባል ቤት የገባች ሙሽራ የምታንጎራጉረው አለ፣ የስደት አለ። ገጣሚው ራሱን "እኔ" አይልም ማለት ይቻላል፤ "ታናሽ ወንድምህ"፣ "ያቺ ልጅ" እያለ ከሩቅ ሆኖ ነው የሚናገረው። ግጥሙ ደግሞ መንታ ነው። አንድ ጊዜ ይባላል። ከዚያ ያው ነገር እንደገና ይባላል፤ ግን ቤት የሚመታው ቃል ይቀየራል። ሁለተኛው ሲሰማ የመጀመሪያው ትርጉሙ ይከፈታል።

ያን ሌሊት ያንጎራጎሩትን ቃል በቃል ነገሩኝ። እኔ በአማርኛ ሳደርገው እንዲህ ወጣልኝ፦

ጉም ወረደ፣ ተራራውን ሸፈነው፤
ታናሽ ወንድምህ ተነሣ፣ መንገዱን ማን ያሳየው?
ጉም ወረደ፣ ሸለቆውን ሸፈነው፤
ታናሽ ወንድምህ ተነሣ፣ ወንዙን ማን ያሻግረው?

"ለምን ልቅሶ ይመስላል?" አልኳቸው። ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ፖ" አሉኝ። "ምን አልኩሽ?" ዝም አልኩ። "ኳስ አልኩሽ።" ደግመው "ፖ" አሉ። "አሁን መወርወር አልኩ።" ለእኔ ጆሮ ያው ነው። "ፖ፣ እሾህ። ፖ፣ የአባቴ እናት። ፖ፣ ማየት።" አምስቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ቋንቋቸው ሰባት ስምንት ዓይነት የድምፅ ከፍታና ዝቅታ አለው። ቃሉ በዚያ ነው የሚለየው። ስለዚህ ዜማውን እንደፈለጉ መጎተት አይቻልም። ቃሉ ራሱ ነው ድምፁን የሚያወጣውና የሚያወርደው። እኔ እንቅጥቅጥ መስሎ የታየኝ ንግግሩ ራሱ ነበር።

እኛ ይህ የለንም። ግን ትንሽ የሚቀርበው አለ ብዬ "አለ" የሚለውን ነገርኳቸው። ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ጋሼ አፌን እያዩ ሁለቱንም ሞከሩት። "አለ። አለ።" ሁለተኛውን በደንብ አጠበቁት። "በዚህ ትገጥማላችሁ?" አሉኝ። "ቅኔያችን የሚደበቀው እንደዚህ ያለ ቃል ውስጥ ነው" አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ስገባ ሰላምታቸው "አለሽ?" ነው፣ ለ-ን ረገጥ አድርገው።

የጋሼን ሕይወት በአንድ ቀን አልሰማሁትም። በአንሶላ መካከል፣ በፓፓያ መካከል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው የሰማሁት።

የተወለዱት ላኦስ፣ ሺየንግ ኩዋንግ የሚባል ክፍለ ሀገር፣ ተራራ ላይ ነው። ቀኑን አያውቁትም። ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፏል። የእኔም ባለቤት ወረቀት ላይ እንደዚያው ነው፤ በሱዳን የመጣን ሰዎች ይህን ነገር እናውቀዋለን። አባታቸውን አያስታውሱም። ያሳደጓቸው የአባታቸው እናት ናቸው። እንጉርጉሮውን ያስተማሯቸውም እሳቸው ናቸው፤ በቆሎ እየፈለፈሉ። ማስተማር ሲሉ ቁጭ አድርጎ ማስጠናት አይደለም። አሮጊቷ መንታውን ግማሽ ብለው ዝም ይላሉ። ልጁ ቀሪውን ግማሽ ቤት እያስመታ መሙላት አለበት። ካቃተው በቆሎው ይጨመርበታል።

ከዚያ ጦርነቱ። አሜሪካ ላኦስ ውስጥ በይፋ አልዋጋም እያለ፣ ከ1961 ጀምሮ ሲ.አይ.ኤ. በጄኔራል ቫንግ ፓኦ መሪነት ሞንጎችን አስታጥቆ ያዋጋ ነበር። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ጭምር ጠብመንጃ ይዘዋል። ከ1964 እስከ 1973 ላኦስ ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ወርዷል። በሜይ 1975 ጄኔራሉና ጥቂት ሺህ ሰዎች ዋና ጦር ሰፈራቸው ከነበረው ከሎንግ ቼንግ በአውሮፕላን ወጡ። የቀረው ሕዝብ ሜዳ ላይ ቀረ። ጋሼ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማቸው ነው። ከአያታቸው፣ ከእናታቸውና ከዘመድ ጋር ጫካ ገቡ። ሦስት ዓመት ተደበቁ። አያታቸው ጫካ ውስጥ ቀሩ።

በላኦስና በታይላንድ መካከል ያለውን የመኮንግ ወንዝ የተሻገሩት በ1978 ነው፤ ሌሊት፣ ቀርከሃ ብብታቸው ሥር አሥረው። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አይናገሩም። አንድ ነገር ብቻ ነግረውኛል። ሕፃናት አልቅሰው ወታደር እንዳይሰማ ኦፒየም የሚባል አደንዛዥ ዕፅ ይሰጣቸው ነበር። "መጠኑን ማንም በትክክል አያውቅም" አሉኝ። ከዚያ አንሶላቸውን ማጠፍ ቀጠሉ። እኔም አልጠየቅኩም።

ታይላንድ ውስጥ ባን ቪናይ የሚባል ካምፕ ገቡ። ሰው ከ40 ሺህ በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ካምፑ በ1992 ተዘጋ። ሚስታቸውን ያገኙት እዚያ ነው፤ በሞንግ አዲስ ዓመት። ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው ኳስ ይወራወራሉ። የጣለ ከላዩ አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቀበቶ፣ ጥምጥም፣ ሐብል። ያን ለማስመለስ ማንጎራጎር አለበት። ጋሼ አውቀው ነው የጣሉት። ሰባት ጊዜ። እኔ ደግሞ ለጥምቀት ስለሚወረወረው ሎሚ ነገርኳቸው። "ሎሚው ከተያዘ በኋላስ ማን ያንጎራጉራል?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

ገበያው ውስጥ ለዚያ በዓል የሚሆነውን ልብስ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ጊዜ ሰጥታችሁ እዩአቸው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ጥልፍ፣ ወገቡ ዙሪያ በመቶ የሚቆጠር የብር ሳንቲም። ስትራመዱ ይንሿሿል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ" የሚለው ተረት እዚህ ሰዎች ልብ ውስጥም አለ። ከልብሱ ጎን የተሰቀሉ ጥልፍ ሥዕሎችም ታገኛላችሁ። ሰዎች በመስመር ይሄዳሉ፣ ወታደሮች አሉ፣ ሰማያዊ ወንዝ አለ፣ ወንዙ ውስጥ ራስ ብቻ የሚታይ ሰው አለ። እንዲህ ዓይነቱ ጥልፍ የተለመደው ካምፕ ውስጥ ነው። ጋሼ አንዱን ጠቁመው "ይቺ እኔ ነኝ" አሉኝ። ከጥፍር የማትበልጥ ክር ናት።

ጥግ ላይ ባለ ሱቅ የወርቅና የብር ቀለም የተቀባ ወረቀት ተሰቅሎ አየሁ። ለገና ማስጌጫ መስሎኝ አነሣሁት። ጋሼ ቀስ ብለው ከእጄ ወስደው መለሱት። የሟች ነው። ለቀብር የሚቃጠል፣ ሟቹ ለመንገዱ የሚይዘው ገንዘብ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት አንድ ዘመዳቸው ሲያርፉ ለቅሶ ወሰዱኝ። የሞንግ ለቅሶ ሦስት አራት ቀን ነው፤ ሌሊቱን ጨምሮ። ስድስት የቀርከሃ ቧንቧ ያለው "ቄንግ" የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለ። ነፊው እየነፋ ይሽከረከራል፣ ጎንበስ ይላል፣ በአንድ እግሩ ይቆማል። እኔ ሙዚቃ መስሎኝ ነበር። ጋሼ በጆሮዬ "እየተናገረ ነው" አሉኝ። የቃሉ ከፍታና ዝቅታ በቧንቧው ይወጣልና ሟቹ ይሰማዋል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሽማግሌ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመው መንገድ የሚያሳየውን ግጥም አዜሙ። ሟቹ የኖረበትን ቦታ ሁሉ ወደ ኋላ ይቆጥሩታል። በመጀመሪያ የሴንት ፖል ቤት፤ ለቤቱና ለመሬቱ መንፈስ ምስጋና። ከዚያ ከዚያ በፊት የኖሩበት ኪራይ ቤት። ከዚያ ካምፑ። ከዚያ መኮንግ፣ አሁን ወደ ማዶ። ከዚያ መንደር በመንደር፣ እስከ ተወለዱበት ቤት። ለምን እስከዚያ እንደሚሄዱ ስጠይቅ ጋሼ "ነፍስ ልብሷን ልታመጣ" አሉኝ። የሚያወሩት ስለ እንግዴ ልጅ ነው። የሰው የመጀመሪያ ልብሱ እሱ ነው ይላሉ። የወንድ ከቤቱ ምሰሶ ሥር፣ የሴት ከአልጋው ሥር ይቀበራል። ነፍስ ያን ለብሳ ካልሆነ ወደ አያቶቿ አትደርስም።

"እትብቴ የተቀበረበት" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የሰማሁት። አለቀስኩ። ያላወቅኋቸው ሴቶች ሶፍት አቀበሉኝ።

የጋሼ ወንድም ከላኦስ ከእሳቸው ቀድሞ ነበር የወጣው። ፈረንሳይ ተቀበለችው። በ1977 ፈረንሳይ የተወሰኑ የሞንግ ቤተሰቦችን ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ፈረንሳይ ጊያና ስትወስድ አብሮ ሄደ። ካካኦ የምትባል መንደር ናት። ጫካ መንጥረው አትክልት አለሙ። ዛሬ ጊያና የምትበላውን አትክልት ትልቁን ድርሻ የሚያመርቱት ሞንጎች ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ በኋላ በአካል አልተገናኙም።

መጻፍ ሁለቱም አይችሉም። የሞንግ ቋንቋ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው ራሱ በ1950ዎቹ ነው። በ1959 ደግሞ ሾንግ ሉ ያንግ የሚባል ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ለቋንቋው አንድ ሙሉ ፊደል ፈጠረ፤ በ1971 ተገደለ። ወደ ጋሼ መንደር ግን አንዱም አልደረሰም። ስለዚህ ደብዳቤያቸው ካሴት ነበር። አንዱ ያንጎራጉራል፣ በፖስታ ይልካል። ሌላው ከወራት በኋላ በዚያው መንታ ላይ ተነሥቶ ይመልሳል። በጫማ ካርቶን ውስጥ 19 ካሴት አላቸው።

ወንድማቸው አምና አረፈ። ጋሼ ካሴቶቹን ለልጆቻቸው ስልክ ላይ ሊያስገለብጡ ፈለጉ። ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰድንላቸው። ስሙን አልጠራም፤ ገበያው ውስጥ ያለ አይደለም። አሥራ ስምንቱ በደንብ ተገለበጠ። አንዱ ተበጠሰ። ከተለያዩ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ነው፤ 1981። ሱቁ ይቅርታ ጠይቆ የዚያኛውን ሂሳብ መለሰልን፤ 12 ዶላር። ጋሼ ብሩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ሁለት ሌሊት "አለሽ?" አላሉኝም።

በሦስተኛው ሌሊት ማድረቂያው ክፍል ገብቼ ሳለ "ሙአ፣ ስልክሽን አምጪ" አሉኝ። በሩን ዘጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ያን የተበጠሰውን የወንድማቸውን ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንጎራጎሩት። በራሳቸው አመታት አልነበረም። ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ሌላ ነው። አንድ ቦታ ላይ አሳላቸው፤ በኋላ ስጠይቃቸው ወንድማቸውም እዚያ ጋ ይስል ነበር። 14 ደቂቃ ነው። መሐል ላይ ማድረቂያው ሲጨርስ የሚጮኸው ጩኸት ገብቷል። ላጠፋው ስል ልጃቸው "እንዳትነኪው" አለችኝ።

የዚያን ቅዳሜ ሦስታችንም ገበያ ሄድን። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ፓፓያ። ልጃቸው የሞንግ ቋንቋ ትናገራለች፤ የእንጉርጉሮውን ቃል ግን ግማሹን ብቻ ነው የምትሰማው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው፣ አባቷ ቃል በቃል እንዲፈቱላት። እያስቆመች ትጠይቃለች፣ እያስቆመች ትጽፋለች። ከመተላለፊያው ማዶ ጠጅ ሳር የምገዛቸው እናት ቅጠል መቁረጣቸውን አቆሙ። መቀሱን አስቀምጠው መጡ። ቆመው አዳመጡ። አንዱን መንታ እንደገና አስከፈቱት።

"እዚህ ጋ ቤት አይመታም" አሉ። ልጅቷ ናት የምትተረጉምልኝ።

"ወንድሜ እንደዚህ ነው ያለው" አሉ ጋሼ።

"ወንድምህ ተሳስቷል።"

ጋሼ ሣቁ። ድምፅ አውጥተው ሲሥቁ የዚያን ቀን አየሁ። እናትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡና የሚሻለውን ቃል አንጎራጎሩት። ጋሼ አልተስማሙም፤ ሌላ አመጡ። ልጅቷ የጻፈችውን ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ሱቁ ላይ ሰው መጥቶ ቆሟል፤ እናትየዋ በእጃቸው "ቆይ" አሉት። እኔ ፓፓያዬን ጨረስኩ። እነሱ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነበሩ።